ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ

ሕፃኗን ልጄን ብርቄን መጀመሪያ ያስነጥሳት ጀመር። ከዚያ አፍንጫዋ ፈሰሰ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምልክት አልነበራትም። እኛ የምንኖረው ጉና ሥር፣ ከገብስና ከድንች በቀር እህል በማይደፍረው ብርድ ውስጥ ነው። እዚህ አገር አፍንጫው የማይፈስ ሕፃን ካያችሁ እንግዳ ነው ማለት ነው። ጡቴን ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ፊቴን ስታይ ትስቃለች። ምን ያስደነግጣል? ማንም አልደነገጠም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ሳል ተከተለ። ትልቁ ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣው ሳል ነበረበት፤ ሲስል ሲስል ይቆይና መጨረሻ ላይ ትንፋሹን ሲስብ ጉሮሮው ያፏጫል። «ትክትክ ነው፤ ይለቀዋል» ተባለ፤ እውነትም እየለቀቀው ነበር። እሱ ደግሞ እህቱን ይወዳታል፤ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚስመው እሷን ነው። እኔም እየሳመ ሲያስቃት አይቼ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሕፃን ታቅፈው «ልውሰዳት? ልቆይ? ይሻላት ይሆን?» እያሉ ለሚብሰለሰሉ እናቶች ነው። ትርንጎ እባላለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማርሁ ገበሬ ነኝ። አፌ ዝም አይልም፤ ባሌ አለኸኝ «አንቺ ዝም ያልሽ ቀን ያን ጊዜ ታመሻል ማለት ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ነገሬ ቢረዝም ታገሡኝ።

ልማዳችንን ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር ወንድ የወለደች በአርባ ቀን፣ ሴት የወለደች በሰማንያ ቀን ክርስትና ታስነሳለች። እስከዚያ ድረስ አራሷም ሕፃኗም ከደጅ አይወጡም። ብርድ አለ፣ ምች አለ፣ የሰው ዓይን አለ። ከራስጌ ብረት አይጠፋም። ልማዱን አላማም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ስትማስን የምትኖር ሴት ገንፎ በቅቤ ቀርቦላት፣ «ተነሺ» የሚላት ጠፍቶ፣ ልጇን ታቅፋ የምትተኛበት ጊዜ ከዚያ ሌላ የላትም። ነገር ግን ክትባት የሚጀመረው በወር ተኩል ነው። ወንዱ በአርባ ቀኑ ተጠምቆ ለክትባቱ ይደርሳል፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ እንዲያ ነው በጊዜው የተከተቡት። ሴቷ ግን ያን ጊዜ ገና ቤት ተዘግቶባት ተቀምጣለች።

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስንታየሁ ትባላለች። የዚሁ የእኛው አገር ልጅ ናት፤ እናቷ ጎረቤታችን ነበሩ። ብርቄን ጤና ጣቢያ ወልጄ ስመለስ ቤቴ ድረስ መጥታ እትብቷን አይታ፣ አጠባቤን አስተካክላ ሄዳለች። ወር ተኩሉ ሲደርስ እንደገና መጣች። አማቴ እማማ እንጉዳይ ከበር ተቀበሏት።

«ልጄ፣ ክርስትና ሳትነሳማ እንዴት ትወጣለች? ሰማንያዋ ሲሞላ እኔው አዝዬ አመጣልሻለሁ» አሏት።

ስንታየሁስ የማን ልጅ ናት? እሷም እንዲሁ ተዘግቶባት ነው ያደገች። «እሺ እማማ፣ ብቻ እንዳይረሳ» ብላ ተመለሰች። እኔም መደብ ላይ ጋደም ብዬ እሰማለሁ፤ ትክክል መስሎኛል። ክትባቱን የጠላ ሰው አልነበረም። ቀኑን ብቻ ገፋነው።

ሳሉ በሁለተኛው ሳምንት ጠባዩን ለወጠ። አንዴ ከጀመራት አያቆምም። ፊቷ ይቀላል። ቀጥሎ ይጠቁራል። ከንፈሯ ሰማያዊ ይሆናል። እንደ ወንድሟ አታፏጭም፤ ለማፏጨት የሚበቃ ትንፋሽ የላትም። ሲለቃት ታስመልስና ዝልፍልፍ ብላ ትተኛለች። ጡቴን ትይዝና ጥቂት ስባ ትተወዋለች። ትኩሳት ብዙም አልነበራትም፤ ያታለለን እሱ ነው። «ትኩሳት ከሌላት ምን አለባት?» እንባባል ነበር።

እማማ እንጉዳይ ጤናዳም ቀጥቅጠው በጨርቅ አንገቷ ላይ አሰሩላት። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ልትጠይቀን መጥታ «እንጥሏ ወርዶ ነው፤ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ» አለች። እማማ እንጉዳይ ብድግ አሉ። «ወግጂልኝ! ምላጭ የያዘ ሰው የልጄን ጉሮሮ አይነካም!» ብለው ከነነጠላዋ አስወጧት። ይህን የምጽፈው አሁን የምነግራችሁ ነገር አማቴን ክፉ ሰው እንዳያስመስልብኝ ነው። ክፉ አይደሉም። ብርቄን ከእኔ ይልቅ የታቀፏት እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ጠዋት፣ እማማ እንጉዳይ እሳት ሲያያይዙ፣ ላጠባት አነሳኋት። ሳለች። ሳለች። ከዚያ ዝም አለች።

አልፎላት መስሎኝ ነበር። ፊቷን አየሁት። አመድ መስሏል። ደረቷ አይንቀሳቀስም። እጇ ወደቀ።

ጮህሁ። ደፋኋትና ጀርባዋን አሸሁት። የውስጥ እግሯን በጣቴ መታሁት። ምንም። እንደገና አሸሁ። ስርቅ አደረጋት። ንፍጥ ወጣ። ተነፈሰች።

ነጠላዬን ሳብሁና «እሄዳለሁ» አልሁ። ባሌን አልጠበቅሁም፣ ጫማዬን አልፈለግሁም። እማማ እንጉዳይ ግን በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሁለት እጃቸውን በመቃኑ ላይ ዘርግተው።

«አትወጪም!»

«እማማ፣ ልጄ እየሞተችብኝ ነው!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! መንገድ ላይ ብትሞትስ? ሳትጠመቅ ብትሞትስ? ቄሱ ይጠሩ፤ ትጠመቅ፤ ከዚያ ወዲያ ወደፈለግሽበት ውሰጃት!»

የእኛን ሰው ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አይቀበርም፤ ፍትሐት የለው፣ ስም የለው። አማቴ የሚያዩት የልጂቱን ነፍስ ነበር። እኔ የማየው እስትንፋሷን። የምንጮኸው ለአንዲት ልጅ ነው፤ ግን እሳቸው በሩን ይዘዋል፣ እኔ ልጂቱን ይዣለሁ፤ ገፍትሬያቸው ልወጣ እግሬን አንስቼ ነበር። እግዜር ይይልኝ፣ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

አለኸኝ ጩኸታችንን ከማሳው ሰምቶ መጣ። የእናቱንና የእኔን ፊት አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ ቄስ መልካሙ ሮጠ። ቄስ መልካሙ ቤታቸው ከእኛ አጥር ማዶ ነው፤ ድንች ሲኮተኩቱ ነው ያገኛቸው። እግራቸው በጭቃ እንደተለወሰ፣ መስቀላቸውን ብቻ ይዘው ገቡ። ብርቄን አዩዋት። የሆነውን ነገርናቸው፤ ሁለታችንም በአንድ አፍ።

«እህል አልቀመስሁም፤ ማጥመቅ እችላለሁ» አሉ መጀመሪያ። እማማ እንጉዳይ እፎይ አሉ። እኔ ልጄን ወደ ደረቴ ሳብሁ።

«ግን እዚህ አላጠምቃትም።»

«ምነው አባ!»

«በዚህ ብርድ፣ በዚህ ሁኔታዋ ውሃ ውስጥ ብነክራት እኔው ጨረስኋት። ስሙኝ እማማ እንጉዳይ፤ ለአራስ የተከለከለው ቤተ መቅደስ መግባት ነው። ጤና ጣቢያ መቅደስ ነው እንዴ? ማን ከለከለ? እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ውሃ እንይዛለን። መንገድ ላይ ነፍሷ ልትወጣ ብትል እዚያው አጠምቃታለሁ፤ ሳትጠመቅማ አትሄድም፣ ለዚህ በእኔ ይሁንባችሁ። እስትንፋስ እስካላት ድረስ ግን ወደ ሐኪም ነው የምንሄደው።»

እማማ እንጉዳይ እጃቸው ከመቃኑ ላይ ወረደ። ዞረው ከእሳቱ ላይ ለብ ያለ ውሃ ቀዱ፣ በትንሿ ጀሪካን ሞሉት፣ እንዳይበርድ ጋቢያቸው ውስጥ ከሆዳቸው ጋር አስጠግተው ታቀፉትና ከሁላችን ቀድመው ወጡ። እኔ ልጄን ታቅፌ፣ እሳቸው ውሃዋን ታቅፈው፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ አለኸኝ ከኋላ፤ እንዲያ ሆነን ቁልቁለቱን ወረድን። ያየን ሰው ሁሉ ቆሞ አማተበ። አራስ በሰማንያዋ ውስጥ ደጅ ወጥታ፣ ያውም ከነቄሱ!

ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር እንደገና ያዛት። ሳለች። ጠቆረች። ትንፋሿ ቆመ።

መሬት ተቀመጥሁ። ደፋኋት። ጀርባዋን አሸሁ። «ውሃውን!» አሉ ቄስ መልካሙ። እማማ እንጉዳይ ተንበረከኩና ክዳኑን ከፈቱ። ቄሱ መስቀሉን አነሱ። «በስመ አብ ወወልድ...» ሲሉ ሰማሁ። እኔ አሻለሁ። ሌላ የምሠራው አላውቅም። አሻለሁ።

ተነፈሰች።

ቄስ መልካሙ አፋቸው ላይ ያለውን ቃል አቆሙ። እማማ እንጉዳይ ጀሪካኑን ወደ ላይ ዘርግተው «ጨርሱልኝ አባ፤ በእመቤቴ፣ ጨርሱልኝ» እያሉ ይለምናሉ።

«ትተነፍሳለች እኮ እናቴ» አሉ። «ክዳኑን ግጠሙት። እንሂድ።»

ጤና ኬላው ከዳገቱ በላይ ነው። ስንታየሁ ከሩቅ አይታን ሮጠች። ልብሷን ገልጣ ደረቷን አየች፤ ስትተነፍስ ከጎድኗ በታች ያለው ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። ሰዓቷን ይዛ አተነፋፈሷን ቆጠረች። «ይህ ከእኔ በላይ ነው» አለች፤ ጊዜ አላባከነችም። የአንቲባዮቲኩን የመጀመሪያ መጠን በትንሽ የታለበ የጡት ወተት አሟሙታ በማንኪያ ሰጠቻት፣ እንዴት ቀና አድርጌ እንደምይዛት አሳየችኝ፣ ስልኳን አንስታ አምቡላንስ ጠራች። አምቡላንሱ ጤና ጣቢያ አደረሰን፤ እዚያ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ አደረጉላትና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ደብረ ታቦር ወደ ሆስፒታል ላኩን። ስንታየሁ እስከ መጨረሻው አብራን ነበረች። ቄስ መልካሙም እንደዚያው፤ በጭቃ እግራቸው።

ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ያየን ሐኪም ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገር።

«እናት፣ ይህ ትክትክ ነው፤ እኛ ፐርቱሲስ እንለዋለን። በላዩ ላይ ኒሞኒያ፣ የሳንባ ምች፣ ገብቶባታል። ለትልቅ ልጅ የሚያደክም ሳል ነው፤ ይህችን ለምታህል ሕፃን ግን ትንፋሽ ያቋርጣል።»

«መድኃኒት የለውም?»

«አለው። ግን መድኃኒቱ በሽታው ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ ያደርጋል እንጂ ሳሉን ቶሎ አያቆመውም። እስኪያልፍላት በኦክስጅን እንይዛታለን፣ በቱቦ እንመግባታለን፣ ዓይናችንን አንነቅልባትም። ትድናለች ብዬ ቃል አልገባልሽም። በጊዜ ነው ያመጣችኋት ግን።»

ቃል ስላልገባልኝ ወደድሁት። የሚያባብል ሰው ያን ቀን አልፈልግም ነበር።

ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ አስገቡ። የታለበ ጡቴን በዚያ ሰጧት። እግሯ ላይ መብራት ያላት ትንሽ ነገር አሰሩላት፤ የኦክስጅኗን መጠን ትቆጥራለች። ቁጥሩ ሲወርድ ማሽኑ ይጮሃል። ይጮሃል፣ ነርሷ ትሮጣለች። ንፍጧን በመሳቢያ ትስባለች። ጀርባዋን ታሻለች። ቁጥሩ ይወጣል። እንደገና ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲህ ናቸው፤ ሌላ የማስታውሰው የለኝም።

የወንድሟ ነገር ከነከነኝና «እሱ ተከትቦ የለም ወይ? እንዴት ያዘው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሐኪሙ አላፌዘብኝም። የክትባቱ ኃይል ከዓመታት በኋላ እንደሚደክም፣ ለእሱ ቀሎ ያለፈለትም በክትባቱ ምክንያት ሳይሆን እንዳልቀረ፣ ከእሱ የተጋባባት እሷ ግን ገና ይህን ክትባት እንዳላገኘች አስረዳኝ። «ፔንታ የምንለው መርፌ አምስት በሽታ ይከላከላል፤ አንዱ ይኸው ነው» አለ። ለቤተሰቡ ሁሉ የሚወሰድ መድኃኒት አዘዘልን። እማማ እንጉዳይ ከአልጋው ግርጌ ቆመው ይሰሙ ነበር።

በማግስቱ ከክፍሉ ውጪ አግዳሚ ላይ አብረን ተቀመጥን። ጀሪካኗ አሁንም ጋቢያቸው ውስጥ ናት፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

«ትርንጎ» አሉኝ፤ «ከአለኸኝ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። እንዲሁ በሳል ነው የሄደች። ሰማንያዋ ሊሞላ ጥቂት ሲቀራት። ከቅጥሩ ውጪ፣ ከወይራው ሥር ነው ያስቀመጥናት። ቤተ ክርስቲያን በሄድሁ ቁጥር ከውጪ እሳለማታለሁ። በሩን የያዝሁብሽ ለዚያ ነው።»

እጃቸውን ያዝሁት። ያን ጠዋት ገፍትሬያቸው ብሆን ኖሮ ይህን መቼም አልሰማም ነበር። አለቀስን፤ አጠገባችን የተቀመጠች የማናውቃት ሴትም አብራን አለቀሰች።

ቀስ በቀስ የማሽኑ ጩኸት እየተራራቀ ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነርሷ ኦክስጅኑን ቀነስ አድርጋ ቁጥሩን አብረን ስናየው አልወረደም፤ በማግስቱም እንደገና ቀነሰች፣ አሁንም አልወረደም፤ ከዚያ ጭራሽ ነቅላው ብርቄ አየሩን እንደማንኛችንም በራሷ እየሳበች እዚያው አልጋው ላይ ተኝታ ሳያት እጄን የት እንደማደርግ ጠፋኝ። ቱቦውን ያወጡላት ቀን ጡቴን ስሰጣት መጀመሪያ እንደማታውቀው ሰው አየችኝ፣ አሸተተች፣ ከዚያ ቀምታ ያዘችውና እያንኮራፋች ስትጠባ እማማ እንጉዳይ «ቀስ በይ አንቺ ሆዳም፣ ማንም አይነጥቅሽም!» ብለው ሲስቁ ክፍሉ ውስጥ ያሉ እናቶች ሁሉ ሳቁ፤ የእኛ የአንዳችን ልጅ መጥባት የሁላችን ሠርግ ሆኖ ነበርና። ቄስ መልካሙም ሊጠይቁን መጡ፤ በዚህ ጊዜ እግራቸውን ታጥበው ስለነበር «ዛሬስ እንግዳ መስለዋል» ብዬ አሾፍሁባቸው፤ አፌ ተመልሶልኝ ነበር ማለት ነው።

ስንወጣ ሐኪሙ ሳሉ ለሳምንታት እንደሚቆይ፣ እያደር እየቀለለ እንደሚሄድ፣ ብትጠቁር ወይ መጥባት ብታቆም ወዲያው እንድንመለስ፣ ክትባቷን ደግሞ ለዚህ ሳል ብለን እንዳንገፋው ነገረን። ቤት ገብተን ሳናርፍ እማማ እንጉዳይ ነጠላቸውን አጣፉ።

«ወዴት ነው?» አልኋቸው።

«ጤና ኬላ።»

«እንዴ እማማ! ሰማንያዋ እኮ አልሞላም» አልሁ፤ ሆን ብዬ።

«ዝም በይ አንቺ! ልጂቱን አምጪ!»

እሳቸው ናቸው አዝለው የወሰዷት። ስንታየሁ በሩ ላይ ስታየን ዓይኗ እንባ ሞላ። «ያን ቀን ገፋ አድርጌ ብናገር ኖሮ» አለች። «ብትናገሪ ማን ይሰማሽ ነበር? እኔም ራሴ አልሰማሽም ነበር» አልኋት፤ እውነቱም ይኸው ነው። ብርቄ ከተከተበች በኋላ ሦስታችን እዚያው ቆመን ተማከርን። የአራስን ልጅ ወደ ክትባቱ ማምጣት ካቃተ ክትባቱ ወደ አራሷ ይምጣ። ስንታየሁ ጤና ጣቢያውን አስፈቀደች። ቄስ መልካሙ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ምእመኑን አስቁመው «የአርባና የሰማንያ ቀን ሥርዓት ከመቅደስ ያዘገያል እንጂ ከሐኪም አይከለክልም፤ ይህን የሰማ ላልሰማው ይንገር» ብለው አወጁ። አሁን ስንታየሁ የክትባት የበረዶ ሳጥኗን ይዛ አራስ ቤት ትገባለች፤ እማማ እንጉዳይ ቀድመው ደጁን ያስከፍታሉ። ከፀሐይ የመጣ ሰው አራስ ቤት ዘው ብሎ አይገባም፤ ስለዚህ ስንታየሁን ደጅ ጥላ ሥር አረፍ ያደርጓታል፣ እጇን በሳሙና ያስታጥቧታል፣ ከዚያ ነው የምትገባው። ስንታየሁ «እማማ እንጉዳይ ባያዙኝም እታጠብ ነበር» ብላ ትስቃለች።

የጤና ሰዎች ይህን ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና እንክብካቤ ይሉታል። ስሙ ይከብዳል፤ ነገሩ ግን እኔ በአንድ ቀን የሄድሁበት መንገድ ነው። ለልጅሽ ጤና የመጀመሪያው ሰው ትልቁ ሐኪም አይደለም፤ ቤትሽን የሚያውቅ፣ በእግር የሚደረስበት ቅርብ ሰው ነው። እሱም ነገሩ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት «ከእኔ በላይ ነው» ብሎ ቀጣዩን በር ያስከፍትልሻል፤ ያም ሌላውን። የሀብታም ልጅም ሆነች የደሀ ልጅ፣ መርፌው አንድ ነው። ደግሞ ጤና ኬላው ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ቄሱ ካልተናገረ፣ አያት በሩን ካልለቀቀች፣ አባት ካልሮጠ፣ ሳጥኑ በረዶውን እንደያዘ ይመለሳል። እኛ ካልገባንበት ግማሽ ነው።

ብርቄ በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች። ወለተ ሥላሴ ተባለች። ቄስ መልካሙ ውሃው ፀሐይ እንዲነካው ቀድመው አስቀምጠውት ነበር። ከውሃው ስትወጣ አንድ ጊዜ ሳለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለን ሁሉ ቀጥ አልን፤ ዲያቆኑ ሳይቀር። ደገመች፣ ከዚያ ተቆጥታ ቅጥሩን በልቅሶ አናወጠችው። እልልታው ቀለጠ። እማማ እንጉዳይ ከቅጥሩ ውጪ ወዳለው ወይራ ሄደው ቆሙ፤ ምን እንዳሉ አልጠየቅሁም።

ምስጋናዬን ላድርስ። ለስንታየሁ፤ ከበር ስንመልሳት ላልተቀየመችን። ለዚያ ቃል ላልገባልኝ ሐኪም። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ለሮጠች ነርስ። ለቄስ መልካሙ፤ የጀመሩትን ቃል ላቆሙ። ለአማቴ፤ ውሃዋን ለብ አድርገው ለያዙ።

ለእናንተ ደግሞ ይህን እላለሁ። ሳል ያለበት ልጅ፣ ወንድምም ቢሆን፣ ሕፃኗን አይሳም። ስትስል ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ደረቷ ስርጉድ ካለ፣ ጡት ከተወች፣ ትኩሳት የላትም ብላችሁ አትቀመጡ። በቤታችሁ የሚፈራ ትልቅ ሰው ካለ አትገፍትሩት፤ የሚፈራውን ጠይቁት፣ የሚሰማውን ሰው ጥሩለት። ክትባቱንም በቀኑ አስከትቡ፤ ሰማንያው ቢሞላም ባይሞላም።

መርፌው ሲገባ ልጃችሁ ታለቅሳለች። አውቃለሁ፣ አንጀት ይበላል፤ ብዙዎቻችሁ ለዚያ ብላችሁ ነው የምታመነቱ። እኔ ማልቀስ ያቃታትን ልጅ ታቅፌ ዳገት ወጥቻለሁ። ተዉአት፤ ታልቅስ።